ኮልፌ የከረመው የጀልባ ሞተር

"ቅዳሜ ሊወስዱት ይመጣሉ!" ብሎ አባዬ ገና ከበር ሲገባ የያዝኩትን የሽንኩርት ሳህን ወርውሬ ዘለልኩ። ከሰኔ ጀምሮ አልጋዬ ግርጌ ተገትሮ የከረመው የጀልባ ሞተር ሊሄድልኝ ነው! ስድስት ወር ሙሉ የዘይት ሽታ እየማግኩ ነው የተኛሁት። ግሪስ ያልነካው ነጠላ የለኝም። የክፍል ጓደኞቼማ "ጋራዥ" ነው የሚሉኝ።

አባዬ ግን አልዘለለም። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ሞተሩን አየው፣ አየውና "ከተነሳ ነው" አለ።

አባዬ ኮልፌ ከመግባቱ በፊት ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር። አሁን አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ የወፍጮ ሞተር ይጠግናል። ድሮ ይሠራበት የነበረው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጀልባው ተሰበረችበትና መጠገኛ ጣውላ እስኪገኝ ሞተሩን እሱ ዘንድ በአደራ አስቀመጠ። አባዬም "እንደተረከብኩት አስረክባለሁ" ብሎ ፈረመ። ፊርማ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሕዝብ ንብረት እጅህ ላይ ከተበላሸ "ዛገ" አይባልም፣ "አሻጥር" ነው የሚባለው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እማዬ የምታወራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ስለዚህ በመጣበት ቀን አባዬ ያላደረገለት ነገር የለም። በርሜል ውሃ ውስጥ አቁሞ አስነሳውና የሐይቁን ጭቃ ከሆዱ አጠበ። ቤንዚኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈ፤ ብዙ ከተቀመጠ እንደ ሙጫ ይሆናል አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመረ (ማንኪያው የእማዬ ስለነበር ሁለት ቀን ተኳርፈዋል)፣ ዘይቱ እንዲዳረስም ከላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ በእጁ አዞረው። ከዚያ ውሃ እንዳያቁር የእንጨት መቆሚያ ላይ ቀጥ አድርጎ ሰቀለው። የት ይቀመጥ? ቤታችን ውስጥ ጣራው የማያፈሰው የእኔ አልጋ ግርጌ ብቻ ነው።

ሲጨርስ እጁን እየጠረገ "እንግዲህ አራስ ነው፣ እንደ አራስ ያዙት" አለ። መቀለዱ ነበር። እማዬ ግን በአራስ አትቀልድም።

በማግስቱ መስኮቱ ተዘጋ። ጋቢ ወጣ። ግማሹን መንደር ያዋለዱት ዳቦ ሻጯ ጎረቤታችንም ሊጠይቁት መጡ።

"አንቺ፣ በዚህ የኮልፌ ብርድ እንዲህ ገላውን ገልጠሽ ነው የምታሳድሪው?"

"ምን ላልብሰው እትዬ? ላስቲክ ልደርብለት?"

"ላስቲክ አይሆንም!" አለ አባዬ ከጓሮ። "ላስቲክ ያልበዋል፣ ላቡ ነው የሚያዝገው! ስስ ጨርቅ ይበቃዋል!"

"ያልበዋል አለ፣ ሰማሽ?" አሉ እትዬ ግንባሩን እየዳበሱ። "ትኩሳት አለው።"

የእኔ ሥራ በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቼ ቮላኖውን ማዞርና ማዞሬን መጻፍ ነበር። አባዬ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ያልበዋል። "አንቺ ጻፊው፣ ምስክር ይሆነናል" አለኝ። መጀመሪያ "ዛሬ ቮላኖ ዞረ" ብቻ ነበር የምጽፈው። ቀስ በቀስ ግን እጄ ተፍታታ። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ማን ተቆጣ፣ ሁሉንም መጻፍ ያዝኩ። አንዱ ደብተር አልቆ ሁለተኛ ተገዛልኝ። ለካ መጻፍ እንዲህ ይጣፍጣል!

ቅዳሜ ደረሰ። የማኅበሩ ጸሐፊ ካኪ ለብሰው፣ ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዘው መጡ። የመንደሩ ሴቶች ከቦኖ ውሃ እየቀዱ በርሜሉን ሞልተውታል። መንደሩ በሙሉ ግቢያችን ነው። አባዬ ሞተሩን በርሜሉ ላይ አሰረ፣ ቤንዚን ሞላ፣ ካንዴላዎቹን ጠረገ፣ ገመዱን ሳበ።

ኩፍ። ዝም።

ደግሞ ሳበ። ኩፍ፣ ኩፍ። ዝም። አሥር ጊዜ ሳበ። አባዬ ሸሚዙን አወለቀ።

"ሲረከቡት ይሠራ ነበር፣ ጓድ?" አሉ ጸሐፊው።

"ይሠራ ነበር።"

"አሁን አይሠራም።"

"ቆይ እንጂ ልጄ፣ ከእንቅልፉ ይንቃ!" አሉ እትዬ።

ጸሐፊው ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። ሮጬ ገባሁና ደብተሮቼን ይዤ ወጣሁ።

"እኔም ጽፌአለሁ! አንድም ሳምንት አልተዘለለም!" ድምፄ እንደ ፍየል ነበር የወጣው።

ሰውየው ቀና አሉ። "እስቲ አንብቢ።"

አነበብኩ። "'ሐምሌ። ቮላኖ ዞረ። እትዬ መጥተው፣ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁ።'" ግቢው ሳቀ። "'ነሐሴ። ቮላኖ ዞረ። እማዬ የሞተሩን ጋቢ አጥባ አለበሰችው። የእኔ ብርድ ልብስ እስካሁን አልታጠበም።'" ጸሐፊው ከንፈራቸውን ነከሱ። "'ኅዳር። ውርጭ ነው። ክዳኑን እንደከፈትኩ እትዬ በጆሮው ብርድ እንዳይገባ ብለው ጥጥ ጠቀጠቁለት። ደግ ሴት ናቸው። ቮላኖ ዞረ።'"

"ምን አልሽ?" አለ አባዬ። "የቱ ጆሮ?"

እኔ እንደሆንኩ ደግነታቸውን ጻፍኩ እንጂ ለአባዬ መናገሩ ትዝም አላለኝ። እትዬ ተጠግተው በጣታቸው አሳዩት። "ይቺ ናታ። ብርድ የሚገባው በቀዳዳ አይደል?"

አባዬ ሁለት ጣቱን ከትቶ ጎተተ። አይጥ የሚያክል ጥጥ ወጣ። ደግሞ ጎተተ፣ የአይጥዋ እህት ወጣች።

"እትዬ! አየር የሚስብበት አፍንጫው እኮ ነው!"

"ታዲያ ስድስት ወር ሲተኛ መች ተነፈሰ?" አሉ እትዬ።

አባዬ ገመዱን ያዘ። "በስመ አብ" አለ ጸሐፊው እንዳይሰሙት ቀስ ብሎ። ሳበ።

ሞተሩ ጮኸ! ፕሮፔለሩ የበርሜሉን ውሃ አንስቶ በእማዬ፣ በእትዬ፣ ከሁሉ አብልጦ በጸሐፊው ላይ ደፋው። እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት። "አይሠራም" የሚለው ወረቀት ሰማያዊ ውሃ እያንጠባጠበ ጸሐፊው እጅ ላይ ተሟሟ። አባዬ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም፤ ፊቱ ሁሉ ውሃ ነበር።

ጸሐፊው ፀጉራቸውን እየጨመቁ ሌላ ወረቀት አወጡና "በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ" ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጀልባዋ ተጠግና ውሃ ትገባለች። ከነቤተሰብሽ፣ ከነአዋላጅዋ ነይ። ደብተርሽንም ይዘሽ፣ ለአስጋሪዎቹ ታነቢላቸዋለሽ።"

"ሌላ ሰው ማምጣት ይቻላል?"

"ጀልባዋ የምትችለው ስምንት ሰው ነው። በየተራ ከሆነ ግን ኮልፌ በሙሉ ይምጣ!"

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ተጋብዛችኋል። በዚያ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታው ላይ እንገናኝ። ዳቦ ከእትዬ ነው። ዋና የማይችል መሐል ላይ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። እኔም ብሆን ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ አብረን እናየዋለን።