እናቴ ለሚስቴ ያወጣችላት ስም

ማክሰኞ ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የቪዛ ማመልከቻዬ ተመለሰ። ምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፏል፤ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለችው ሚስትና የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፈችው ሚስት ስማቸው አይገጥምም፤ አንድ ሰው መሆናቸው አልተረጋገጠም።

መልእክቱ ሲደርሰኝ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ውሃ መቋረጥ የጻፍኩትን ዜና እያረምኩ ነበር። ዜናውን ጨርሼ ላክኩት። ከዚያ መልእክቱን እንደገና አነበብኩት።

ሚስቴ ታይላንዳዊት ናት። ድሬዳዋ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና መጥታ ስትሠራ፣ ስለ ፋብሪካው ልዘግብ ሄጄ ተዋወቅን። ሐረር ተጋባን፤ ፈላና በር አጠገብ ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ኖርን። ስታረግዝ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መውለድ እንደምትፈልግ ነገረችን። እናቴ «ይህን ወግ ከእኛ ነው ከአገሯ ነው ያመጣችው?» ብላ ተገረመች፤ ደስም አላት። ነሐሴ ላይ ሸኘኋት። ሐኪሞቹ የምትወልደው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው ብለዋል። እኔ ከዚያ በፊት፣ የታይ ዜጋ ላገባ የውጭ አገር ሰው በሚሰጠው የረዥም ጊዜ ቪዛ ሄጄ፣ ልጁ ሲወለድ አጠገቧ ልሆን ነበር። ሌላ ዕቅድ አልነበረንም።

በእኛ ቤት ሙሽራ በልጅነት ስሟ አትጠራም። ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በዚያ ይጠራታል። እናቴ ለሚስቴ ያወጣችላት ስም ዘግይቶ የደረሰ እሸት ማለት ነው፤ እኔ ያገባሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነውና። ሚስቴ ስሙን ወደደችው። በአገሯም ሰው ከመዝገብ ስሙ ሌላ የቤት ስም ስላለው አልከበዳትም።

ጋብቻችንን ያስመዘገብን ዕለት፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፓስፖርቷን ገልጦ ረጅሙን ስም ሁለት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ምስክር ሆና ወደመጣችው እናቴ ዞረና «የሙሽሪት ስም ማነው፣ እማማ?» አላት። እሷም ያወጣችላትን ስም ነገረችው። ጻፈው። በአባት ስም ቦታ የቤተሰብ ስሟን ከፓስፖርቱ ገለበጠ። ፈረምን። ሐረር ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት በዚያ ስም ስለነበር ማናችንም ስህተት አልመሰለንም።

ማመልከቻው በተመለሰ ማግስት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ወዳለው ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የጻፈልን ሰው ተዛውሯል። በቦታው ያለችው ሴት የምስክር ወረቀቱንና የፓስፖርቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ወንድሜ፣ ይቺ የማን ሚስት ናት?»

«የእኔ።»

«ይቺስ?»

«እሷም።»

«ሁለት ማግባት እኮ በሕግ ክልክል ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ፣ እንዲህ ያለ ስም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይታረም ነገረችኝ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ ቢቀርብ ይሻላል አለች።

እናቴ ግቢ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገሩን ነገርኳት።

«ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ስሙን አንቺ እንዳወጣሽላት። የመዝገብ ስሟ ግን ሌላ እንደሆነ።»

«ስሟ አይደለም በይ ነው የምትለኝ።»

«ሌላም አላት በይ ነው።»

«ያው ነው» አለች። ምስሩን ገፋ አደረገችው። «እኔንም አባትህ ቤት ስገባ እናቱ ናቸው ስም ያወጡልኝ። አንድም ቀን አስመስክሩ የተባለ የለም።»

ለሚስቴ ደውዬ ነገርኳት። እግሯ ማበጡንና ሐኪሟ በየሳምንቱ እንድትመጣ ማዘዟን ከነገረችኝ በኋላ፣ በአማርኛ «እማዬን አታስቀይማት፤ ግን ቶሎ ና» አለችኝ። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ እሺ አልኳት።

እናቴ በመጨረሻ ልትመሰክር እሺ አለች፤ ሁለተኛው ምስክር ጎረቤታችን፣ ቅመም ነጋዴው ሽማግሌ ናቸው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተራችንን ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ወላሂ፣ እኔ የማውቀው አንዲቷን ብቻ ነው። ሌላዋን የት እንደደበቅካት ከመማሌ በፊት ንገረኝ።»

«እርስዎ ደግሞ» አልኳቸው።

«የውሸት ከማልኩ ጀሀነም የምገባው እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህ» አሉ። እናቴ አልሳቀችም።

ሰኞ ጥቅምት ሃያ አራት ቀን ችሎት ፊት ቀረብን። ዳኛዋ ወጣት ናት። እናቴን ሙሉ ስሟን ጠየቀቻት፤ እናቴ ተናገረች፤ በአቤቱታው ላይም የተጻፈው እሱ ነው። ዳኛዋ መታወቂያዋን ተቀብላ አየችና ቀና አለች።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው።»

«እሱ የአባቴ ቤት ስም ነው።»

እናቴ ከማግባቷ በፊት በልጅነት ስሟ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጥራ ነበር። ጡረታዋ በዚያ ስም ነው፤ መታወቂያዋንም ያወጣችው በዚያው ነው። በእኔ ሰነዶች፣ በዕድሩ መዝገብና በጎረቤቱ አፍ ላይ ያለው ግን አያቴ ያወጡላት ነው። ለአቤቱታ ጸሐፊው ስሟን ያስጻፈችው ራሷ ናት፤ እኔም ሳነበው ልክ ነበር ያልኩት።

«ታዲያ የትኛው ነው ስምዎ?» አለች ዳኛዋ።

«የምጠራበት።»

ዳኛዋ መታወቂያውን መለሰችላት። ከዚያ ምስክሯ ራሷ ማንነቷ ሳይረጋገጥ የሌላ ሰው ስም ልታረጋግጥ እንደማትችል በትሕትና ገለጸች። ሁለቱ ስሞች የእናቴ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንድናመጣ አዝዛ፣ ጉዳዩን ለኅዳር ስምንት ቀጠረችው።

በባጃጅ ስንመለስ እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለእኔም ምስክር ያስፈልገኛል ማለት ነው።» ጎረቤታችን ከሾፌሩ ጎን ሆነው «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ አንድ ስም ነው ያለኝ» አሉ። የቀበሌውን ደብዳቤ እናቴ ሳትነግረኝ ብቻዋን ሄዳ አወጣችው።

ኅዳር ስምንት ቀን ሁለቱም ምስክሮች ተሰሙ። እናቴ ሚስቴን በሁለቱም ስም ጠራቻት፤ የታይላንዱን ስም አንድም ድምፅ ሳትስት ነበር የተናገረችው። ማን እንዳስጠናት ስጠይቃት «የስሙ ባለቤት ራሷ ናታ፤ በስልክ» አለችኝ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው ሲል ወሰነ። ውሳኔውን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ አስተረጎምኩ፣ አስረጋገጥኩ፣ ማመልከቻውንም ከነተጨማሪ ሰነዱ ማክሰኞ ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን እንደገና አስገባሁ።

ዓርብ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን የሚስቴ እህት ደወለች። ምጡ ከታሰበው ቀን ቀድሟል። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሰብሰብ አደረገች።

«ስም አወጡላት?»

«ገና ነው።»

«የሚጻፈውን እነሱ ያውጡ» አለችኝ።

እሑድ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የማመልከቻውን ገጽ ከፈትኩ። «በመታየት ላይ» ይላል።