መዋጮ ያልተጠየቀው አምባ

አሰለፈች በዕድሜዋ አንድም ቀን ቆማ የኳስ ጨዋታ አላየችም። ያ ሁሉ ጎልማሳ አንድ የተነፋ ቆዳ ሲያሳድድ ምን ሊያገኝ ነው ብትሏት መልስ አልነበራትም፤ እውነቱን ለመናገር የሚያሳድዱትም ቢጠየቁ መልሳቸው ያጠግባል ማለት ያስቸግራል። ቢሆንም በ1981 ዓ.ም. በኳስ መዋጮ ሰበብ ከአምባዋ እስከ አሶሳ በእግሯ ሄዳለች፤ በምድር ላይ ከቀራት አንድ ልጇም ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራለች።

ከላስታ የመጣችው በ1977ቱ ድርቅ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆቿን እዚያው ቀብራ፣ ከባሏና ከልጇ ከአንለይ ጋር መጀመሪያ መጠለያ ገባች፤ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ወዴት ነው የምትወስዱን ብላ የጠየቀችው ካድሬ ለምለም አገር ነው አላት። በዚህ እንኳ አልዋሸም። የአሶሳ ሣር ሰው ይውጣል፣ ቀርከሃው ጫካ ነው፣ ዝናቡም አይሰስትም። ወባውም እንደዚያው አይሰስትም፤ ይህን ግን ካድሬው ሳይነግራት ቀረ። ሰፋሪው ስም ሳይሆን ቁጥር በተሰጣቸው አምባዎች የሣር ጎጆ ተሠርቶለት ተደረደረ፤ ባሏም የመጀመሪያውን ክረምት ሳያጋምስ ሞተ።

የአምባው ቅሬ የተቋቋመው ያን ቀን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል። ከየወረዳው ተለቃቅሞ የመጣ፣ ገና በቅጡ ያልተዋወቀ ሕዝብ ሬሳ ፊት ቆሞ ሳለ፣ አባ በቃሉ የተባሉ ሽማግሌ ተነሡና ሰው እንደ ሰው መቀበር አለበት አሉ። ማንም ከራሽን በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ከየጎጆው አንዳንድ እፍኝ የእርዳታ ዱቄት ወጣ፤ ቆፋሪውም ንፍሮ ሳይሆን ገንፎ በልቶ ቆፈረ። ካድሬው ቅሬ ኋላቀር ልማድ ነው ብሎ ትንሽ አጉረምርሞ ነበር፤ ሬሳውን ራሱ እንዲቀብር ሲጠየቅ ግን ፊቱን አዙሮ ሄደ። አባ በቃሉ ከዚያ ወዲህ የቅሬው ዳኛ ሆኑ።

ቅሬ ሰው ሲቀጣ አይሳደብም፣ ዱላም አያነሣም። ሰብሳቢው ቤት ለቤት ሲዞር የጥፋተኛውን ደጅ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ በቃ። ድርሻህን አምጣ የሚለው የለም። እቤቱ ሰው ቢሞትበት ደግሞ የሚቆፍርለት የለም። አሰለፈች በልጅነቷ እንዲህ የታለፈ አንድ ጎረቤት አይታ ነበር። ኩሩ፣ ሀብታም ሰው ነበር፤ ሰንበት ሳይደግመው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ወጣ።

አንለይ ሲመጡ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አሶሳ ላይ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰና ሰዉ ሁሉ ኮሌጅ የሚለው የመምህራን ማሰልጠኛ ገባ። መንግሥት ኮሌጁን ሲከፍት ጠመኔ አስቧል፣ ፍራሽ አስቧል፣ የፖለቲካ አስተማሪም አስቧል፤ ኳስ ግን አላሰበም። ስለዚህ ከየተማሪው የኪስ ገንዘብ ላይ «የስፖርት» የሚባል ቁራጭ እጁ ሳይደርስ ይቀነሳል። ኳስ የሚወደውም፣ ከሩጫ እንቅልፍ የሚመርጠውም እኩል ይከፍላል፣ እኩል ያጉረመርማል። የተገኘው ለኳስና ለፊሽካ ይሆናል፤ ጫማ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ልጆቹ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሱን ጫማ እያጠለቀ ይለማመዱ ነበር።

በ1981 ሚያዝያ ላይ የምዕራብ ማሰልጠኛዎች ነቀምት እንዲወዳደሩ ጥሪ መጣ። መለያ፣ ነዳጅ፣ ስንቅ አስፈለገ። የስፖርት መምህሩ ዲንሳ የጊምቢ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መባ ሲሰበሰብ እያየ ያደገ በመሆኑ ሰው ለመጠየቅ አያፍርም። የተማሪው መዋጮ ሜዳ ያስገባናል፣ ነቀምት የሚያደርሰን ግን የሕዝብ እጅ ነው አለና ኮሚቴ አቋቁሞ አንለይን ሰብሳቢ አደረገው። የኮሌጁን መኪና ይዘው ዞሩ። የአሶሳ ነጋዴዎች ጨርቅ ሰጡ፤ ከየሱቁ የተለቀመ ስለነበር መለያው ሦስት ዓይነት ቀይ ሆኖ ተሰፋ። ባምባሲ ማር ሰጠ፣ ሆሞሻ ፍየልና ማንጎ ሰጠ። ሌሎቹ የሰፋሪ አምባዎች እንኳ ዶሮም እንቁላልም አወጡ። ወደ እናቱ አምባ መታጠፊያ ሲደርሱ ግን አንለይ ቀጥታ እንሂድ አለ። በዚያ ዓመት የእነሱ አዝመራ ከሁሉም ከፍቶ ነበር። የሚበሉት የሌላቸውን ሰዎች ለምን እናሳፍራቸዋለን ብሎ ለዲንሳ ነገረው። ዲንሳም አመነው፤ አምባውን ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል።

አሰለፈች ይህን የሰማችው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው፤ የነገራትም የሆሞሻው ማንጎ ሻጭ ሙርሳል ነው። ሙርሳል የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው በገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ የሚቀየመውም የለም። ልጇ ከአስተማሪው ጋር ሰፈራቸው መጥቶ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት እንዳነጋገረ፣ ዱዓ አድርገው እንደ ሸኙት ደስ ብሎት ሲያወራላት ቆየና፣ ማንጎውን እያቀበላት ጠየቃት።

«ወላሂ፣ ሆሞሻ ሁሉ ሰው ሰደቃ ሰጠ። አንተስ ምን ሰጠህ?»

አሰለፈች ማንጎውን ተቀብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጎረቤቶቿ አጠገቧ ቆመው ነበር። አንዷ ሌላዋን አየቻት፤ ወደ አምባ ሲመለሱም መንገዱን ሙሉ ስለ ኳስ የተነፈሰ አልነበረም።

እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ሰው ሁሉ ዓይኗን ሲሸሽ አየች። አባ በቃሉ ጮኸው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ጎረቤት አምባ ተጠይቆ ሰጥቷል፤ በርታዎቹ ተጠይቀው ሰጥተዋል፤ በእኛ በኩል ሲደርስ መኪናው ሳይታጠፍ ሄዷል አሉ፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«አሰለፈች፣ ልጅሽ በደጃችን አልፏል። ምን አጥፍተን እንደሆነ ጠይቂልን።»

ይህች ቃል ከባሏ ሞት አላነሰችባትም። አምባው ልጇን ቢያስቀይም ትችለው ነበር፤ ልጇ አምባውን ከሰው ቁጥር አወጣው ሲባል ግን የምትገባበት ጠፋት። ያላት እነዚህ ሰዎችና እሱ ናቸው። አንዱ ሌላውን ከጣለ እሷ ከማን ጋር ትቀራለች? ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ታጥቃ መንገድ ጀመረች።

ኮሌጁ ስትደርስ ልጆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። ጨዋታውን ሳታይ ጀርባዋን ሰጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። አንለይ በላብ እንደተዘፈቀ ሮጦ መጣ፤ ማን ሞተ ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። ማንም አልሞተም አለችው። ለምን እንዳለፋቸው ስትጠይቀው ፊቱ ተፈታ፤ ልታመሰግነው የመጣች ነው የመሰለው።

«ምን አላችሁና ልጠይቃችሁ እማዬ?»

«አባትህን ስንቀብር ምን ነበረን?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች። ያን ዱቄት ያወጡት ቤቶች ማታውን ጦማቸውን እንዳደሩ፣ አባ በቃሉ በታመመ ሰውነታቸው መጀመሪያ መቆፈሪያ እንዳነሡ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፋሪ እንጂ ጎረቤት እንዳልነበራት ነገረችው። አራት ዓመት ሙሉ የራሽን ሰልፍ ላይ ስንቆም እጃችን ሊቀበል የተዘረጋ ነው፤ ኑ ስጡ የሚለን ሲመጣ አንተ መለስከው አለችው።

አንለይ የመለሰላት ነገር ግን አሰለፈች ከቤቷ ስትወጣ ጨርሶ ያልጠረጠረችው ነው።

«እኔንስ መቼ ጠራችሁኝ?»

ባለፈው ክረምት፣ ለዕረፍት መጥቶ ሳለ፣ የጎረቤት ሰው ሞቶ ነበር። የቅሬው ጠሪ በየበሩ እየቆመ ጎልማሳ ሁሉ እንጨትና መቆፈሪያ ይዞ እንዲወጣ ሲጠራ የነሱን በር ዝም ብሎ አለፈው። አንለይ ለብሶ ተነሥቶ ነበር። እኩዮቹ ሲቆፍሩ እሱ እጁን አጣምሮ ከሴቶቹ አጠገብ ቆሞ ዋለ። ተማሪ ሆኜ የእናንተ አልሆንኩም ብዬ ደመደምኩ አላት፤ ታዲያ የማን ሆኜ ነው መጥቼ የምጠይቃችሁ?

አሰለፈች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጠሪው እንዲያልፍ የለመነችው እሷ ራሷ ናት። አባ በቃሉ ዘንድ ሄዳ ተማሪ ነው፣ ምን አለው፣ የሱን ድርሻ እኔ ልቻል ብላ እንጨቱን በጀርባዋ ተሸክማ አግብታለች። ለልጇ አዝናለት ነበር፤ ልጇም ለእሷ እንዳዘነላት ሁሉ። ይህን ስትነግረው አልቅሳለች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ፣ ፊሽካው ደጋግሞ ቢጠራውም አልተነሣም።

በቀጣዩ ሰንበት አንለይና ዲንሳ አምባው መጡ። ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ዲንሳ ስለ ውድድሩ ተናገረ፤ ጥፋቱ የኔም ነው፣ መኪናው ላይ አብሬ ነበርኩ አለ። ከዚያ አንለይ ተነሣና አንገቱን ደፍቶ የቻላችሁትን ብትሰጡን አለ። አባ በቃሉ እጃቸውን አነሡ።

«የቻላችሁትን የሚል ለማኝ ነው። አንተ ለማኝ አይደለህም። ድርሻችንን ንገረን።»

አንለይ ወደ እናቱ አየ፤ እሷ ዓይኗን አላነሣችም። ከየቤቱ አንድ ጣሳ በቆሎ አለ፤ ድምፁ ሲወጣ እንደ ጠሪ ድምፅ ነበር። ሰው ወደየጎጆው ተበተነ። ጣሳው ግማሽ የሆነበት ቤት ነበር፤ ጎረቤቱ ዞር ብሎ ሞላለት፣ ያየውም እንዳላየ ሆነ። ባዶ እጁን የተመለሰ ቤት አልነበረም። ያን ቀን የአምባው ሰው ሲራመድ ላየው በቆሎ የሰጠ አይመስልም ነበር፤ የተቀበለ ነው የሚመስለው። መኪናው ሊነሣ ሲል አባ በቃሉ አንለይን ጠሩት። እኛም ስናልፍህ ከፍቶህ ኖሯል፣ እናትህ ነግራኛለች፤ ከእንግዲህ ትጠራለህ አሉት።

በቆሎው ተቆልቶ የቡድኑ ስንቅ ሆነ። ነቀምት ሄደው በሚገባ ተሸንፈው ተመለሱ። ውጤቱን ከአምባው የጠየቀ ሰው የለም፤ አባ በቃሉ ብቻ ስንቁ በቅቷቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ ተርፎ ለሌሎችም አካፈልን ሲባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በክረምቱ አንለይ ተመርቆ ምደባውን እናቱ ዘንድ እየጠበቀ ሳለ፣ ወባው አባ በቃሉን ጣላቸው። ብዙ ቀን አልታመሙም። ገና ሳይነጋጋ የቅሬው ጠሪ በዝናቡ ውስጥ በር ለበር ሲመጣ አሰለፈች ነቅታ ትሰማው ነበር። የጎረቤቷ በር ላይ ቆመ። ከዚያ እግሩ ወደ እሷ በር መጣ። አሁንም ያልፈው ይሆን ብላ ፈራች፤ እንዳይጠራባትም የናት ሆዷ ፈራ። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው ነበርና።

ጠሪው ቆመ።

«አንለይ! አባ በቃሉ አርፈዋል። ድርሻህ አንድ ሸክም እንጨት ነው፤ መቆፈሪያም ይዘህ ውጣ።»

አንለይ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ሸሚዙን ፈለገ። አሞታል፣ እኔ ልምጣለት የሚለው ቃል አሰለፈች አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። መቆፈሪያውን ከጥግ አንሥታ ሰጠችው። ስለ ሽማግሌው እያለቀሰች፣ ጎንበስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ የቀርከሃውን በር ያዘችለት።