የእናቴና የእትዬ ዘይነባ ዕጣ

ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ሰፈር፣ የእኛንና የጎረቤታችንን የእትዬ ዘይነባን የቀበሌ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እነሱ ሽንኩርት ሲያቁላሉ እኛን ይርበናል። አባቴ ሲያስነጥስ እትዬ ዘይነባ ከወዲያ ሆና "ይማርዎት" ትለዋለች። ለፋሲካ እናቴ አንድ ዶሮ ከነነፍሱ ትሰጣታለች፣ እሷም በወገኖቿ ታሳርደዋለች። ለአረፋ ደግሞ የእኛ ዶሮ በራችን ላይ ታስሮ እናገኘዋለን። ለእኛ ለልጆቹ በዓል በላይ በላይ ነበር።

ድህነቱ ናፈቀው እንዳትሉኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ የጋራ ሽንት ቤቱ ወረፋ አያድርስ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ይፈርሳል ሲባል ብዙም ያዘነ አልነበረም። ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ስለ ከተማ እድሳት ሲያብራራ ዋለ። እናቴ እጇን አወጣችና "ልጄ፣ ቤቱን አድሱልን፣ እግዜር ይስጥልን። እኔንና ዘይነባን ግን ጎን ለጎን አድርጉን" አለች። ሰው ሳቀ። ወጣቱም "እናት፣ ቤት የሚደርሰው በዕጣ ነው" አላት።

ሁለቱ ሴቶች ነገሩን በራሳቸው መንገድ ተረዱት። በዕጣው ቀን ማልደው ሄደው ተከታትለው ተሰለፉ፤ ተከታትለው ካወጡ ተከታታይ ቤት የሚደርሳቸው መስሏቸው። እናቴ መሃላቸው ሰው እንዳይገባ የእትዬ ዘይነባን ሻርፕ ጫፍ ይዛ ቆመች። ለእኛ ጀሞ ወጣ፤ ለእሷ የከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሰሚት። መጀመሪያ ሰሞን ይጠያየቁ ነበር። ኋላ ታክሲውም የእናቴ ጉልበትም እምቢ አለ፣ በስልክ ብቻ ሆነ።

አድጌ ስለ ከተማ እድሳት ብዙ አነበብኩ። አንዱ ወገን አሮጌውን ጠብቁ ይላል፣ ሌላው አፍርሳችሁ ሥሩ ይላል። ሁለቱም የሚጨቃጨቁት ስለ ግድግዳ ነው። እኔ ክርክሩ ሰልችቶኛል።

እትዬ ዘይነባ ስታርፍ ለእናቴ ዘግይቶ ተደወለላት። እነሱ ደግሞ ሬሳ አያሳድሩም። ታክሲ ስንቀያይር ቆይተን ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ተመልሷል። እናቴ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለች ሴት በትህትና "ምኗ ነዎት?" ብላ ጠየቀቻት።

"ጎረቤቷ ነኝ" አለች እናቴ።

ሴትየዋ ግራ ገባት። "ጎረቤቶቿ እኛ ነን እኮ" አለቻት።

ሴትየዋ እውነቷን ነው። በመጨረሻው ሰዓት ውሃ ያጠጣቻት፣ ዓይኗን የከደነችላት እሷ ናት። ድሮ ቢሆን ይህ የእናቴ ሥራ ነበር።