ፊት የሌላቸው ፎቶዎች

ሲስተር የሚለው ስም ከሥራ ቦታዋ ተከትሏት ቤት ከገባ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ጎረቤቱ ሲስተር ይላታል፣ ባሏ ሲስተር ይላታል፣ አንድ ትራስ ተጋርቶ ያደገው ታናሽ ወንድሟ እንኳ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «ኧረ ሲስተር!» ይላታል። የራሷን ስም የምትሰማው መታወቂያ ስታሳድስ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለቴ ካልተጠራች ዞር አትልም።

የምትሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ መድኃኒትና ፋሻ የሚደረደርበት ጋሪ፣ ከመስኮቱ ሥር የእጅ መታጠቢያ። በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ያስገጠመችው ራሷ ናት። ኃላፊው «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» ቢላት «ሰው ልብሱን ሲያወልቅ በር ይዘጋል። እርስዎ ቤትዎ አይዘጉም?» ብላ አፉን አስያዘችው።

ብዙ ሰው ቁስል ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ያልለቀቃት መደነቅ ነበራት። የተላጠ ሥጋ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያሳየው፣ ከዳርና ከዳር ተጠራርቶ ይገናኛል። ማጠቡና መሸፈኑ የእሷ ነው፤ መግጠሙ ግን የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። አዲሱ ሮዝ ሥጋ ብቅ ሲል ባየች ቁጥር ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆም ብላ «አጃኢብ ነው!» ትላለች። ሲያመሰግኗትም «እኔ እኮ ዝንብ ነው የምከላከለው» ብላ ታሳልፈዋለች።

ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ለዚሁ ነው። ቁስል በየቀኑ ለሚያየው ሰው የሚድን አይመስልም፤ ተስፋ ያስቆርጣል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ከቁስሉ ጎን ቀን የተጻፈባት የወረቀት ማስመሪያ አስጠግታ ታነሳለች። ፊት አይገባም። ቀለበትና ሐብል ይወልቃል፣ ከሥር ነጭ አንሶላ ይነጠፋል። የዳነ ዕለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ታሳየዋለች፤ ከዚያ ስልኩን ሰጥታ በገዛ ጣቱ ያስጠፋዋል። «የራስህን ይዘህ ሂድ» ትላለች። እንደ ውሃ የሚንቆረቆር ዕንባ ያየችው እዚያ ላይ ነው፤ በተለይ የወንዶቹን።

ስልኳን ታዲያ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። የይለፍ ቁጥሯን ባሏም አያውቀው። ቤት ስትገባ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጣትም፣ «እስኪ ሰዓት ልይበት» ለሚል ሰው «ግድግዳው ላይ አለልህ» ነው መልሷ። ልጆቿ «እማዬ ፍቅረኛ ይዛለች» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ምን ተዳዋ!

በዚህ መሀል ልብስ ሰፊዋ መጣች። የፈላ ውሃ ከደረቷ እስከ እምብርቷ ወርዶባት ነበር። ሲስተር ፋሻውን ስትፈታ ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ቁልቁል አይታው አታውቅም። ባሏንም አላሳየችውም። ፎቶውን በሦስተኛው ቀጠሮ እሺ ያለችው በጭንቅ ነው።

«ካንቺ ዓይን ሌላ ዓይን እንዳያየኝ፤ እኔም አላየው» አለች።

«ካንቺና ከኔ አይወጣም። እኔ ልሙት!» አለች ሲስተር፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ስምንት ሳምንት አነሳች። ዘጠነኛው ሊደርስ ሲል ጤና ጣቢያው ሥልጠና ጠራ፤ በስልክ ያለ የታካሚ ፎቶ እንዴት ይጠበቃል የሚል። የሥራ ጓደኞቿ «ለሲስተር? ለቀባሪው አረዱት!» ብለው ሳቁ። አሠልጣኙም የእሷን አሠራር ሲሰማ ወደ ፊት አውጥቶ አስጨበጨበላት። ፊት የለም፣ ቀለበት የለም፣ ቁልፍ አለ፣ ማጥፋት አለ። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል» አለ፤ «ስልካችን ያነሳውን ሁሉ ቅጂ በአካውንታችን ላይ ያስቀምጣል። አካውንቱ በስንት ስልክ ላይ እንደተከፈተ እስኪ ሁላችሁም እዩ።»

የሲስተር ሁለት ይላል።

አንዱ በእጇ ያለው ነው፤ ሌላኛው የማታውቀው ስልክ ነው፤ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በፊት። አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ የሚነሳው ሁሉ እዚያም ይታያል፤ እዚህ ሲጠፋ እዚያም ይጠፋል» አላት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ቀርቅራ ስታነሳ ከጀርባዋ አንድ ሰው ቆሞ ያይ ነበር ማለት ነው።

ኮሪደር ላይ ወጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

«እንዴ፣ የአክስታችን ነዋ!» አላት እየሳቀ። «ስልክ የገዛንላቸው ጊዜ ኢሜይል የላቸውም፣ ያንቺን አስገባሁላቸው። የይለፍ ቃሉን ያወጣሁልሽ እኔ፤ ‹ቁጥር መጥቶልሻል፣ አንብቢልኝ› ስልሽ ያነበብሽልኝ አንቺ።»

ትዝ አላት። የሰው ቁስል እያጠበች ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ «ቶሎ በል፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ፣ ስድስቱንም ቁጥር አንድ በአንድ አነበነበችለት። ለሰው ሰዓት የማታሳየው ሴትዮ!

እፎይ የሚያሰኝ መስሎ ነበር፤ ግን የአክስቷ ቤት ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው። ጎረቤት ሲወጣ ጎረቤት ይገባል፤ ሁሉም የሁሉንም ስልክ እየተቀባበለ የልጅ ልጅ ፎቶ ያያል። ሲስተር እስከ አክስቷ በር ድረስ የሄደችበትን መንገድ አላየችውም። በልቧ የምትቆጥረው ስንት ሴት ስንት ጎረቤት እጅ ላይ እንደዞረች ነበር።

አክስቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እትዬ ትላቸዋለች።

«እትዬ፣ ስልክዎን ያሳዩኝማ።»

አሮጊቷ በአንገታቸው ያንጠለጠሏትን የጨርቅ ኪስ ከቀሚሳቸው ሥር አወጡ። ኪሷ ውስጥ መሐረብ፣ መሐረቡ ውስጥ ስልክ። ይኼን የስልክ አጠማጠም ቤተሰቡ ስንት ቀን ስቆበታል! «አረጁ፣ ሰው መጠርጠር ጀመሩ» ከሚሉት አንዷ ራሷ ሲስተር ነበረች።

ከፈተችው። ሁሉም አሉ። የስኳር በሽተኛው ተረከዝ፣ የአናጺው ክንድ፣ የልብስ ሰፊዋ ስምንቱም ሳምንት።

«እትዬ… እነዚህን አይተዋቸዋል?»

«በየቀኑ ነዋ» አሉ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የላክሽልኝ?»

«እኔ?»

«መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ኋላ ማስመሪያዋ ላይ ጽሑፍሽን አየሁ። ሰባትን ጅራቷን ስታስረዝሚ እኔ አላውቅሽ? ‹ልጄ ብቻዋን ከብዷታል፤ አብረሽኝ ጸልዪ ማለቷ ነው› አልኩ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ወሬውን ሳያነሱልኝ?»

«አንቺ አነሳሽው? ያላነሳሽውን እኔ ምን ብዬ ላንሳ!»

«ጎረቤቶችስ? ማን አየ?»

አሮጊቷ ተቆጡ። «ማን ያያል! የልጅ ልጄ የተመረቀች ጊዜ ‹ፎቶዋን አሳዩን› ቢሉኝ ስልኬ ተበላሽቷል አልኩ። ጣቴ አንዴ ቢስት የሰው ገላ ይወጣላ! ወንድምሽ ‹ልጠግነው› ብሎ ቢመጣም አልሰጠሁትም። ሰሰተች አሉኝ፣ ይበሉኝ።»

ሲስተር ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። እኚህ ሴት ያቺን የልጅ ልጃቸውን በክንዳቸው ነው ያሳደጓት፤ የምረቃዋን ፎቶ ለማንም ሳያሳዩ ሁለት ዓመት ከረሙ፤ ለማያውቋቸው፣ ፊታቸውን እንኳ ላላዩት ሰዎች ሲሉ። የእሷ ጥበቃ ቁልፍና ቁጥር ነበር፤ ያ ሁሉ ሲፈርስ የቀረው አንድ የአሮጊት አፍ ነው፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም። ሥጋ ሲገጥም ካየችበት ቀን ሁሉ ይበልጥ ያኔ ተደነቀች። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ? እዚሁ ቤት፣ በየእሑዱ እየመጣች የምታየው ሰው?

«የሚከብደኝ ሲጠፉ ነው» አሉ አክስቷ ቀስ ብለው። «አንድ ቀን እነሳለሁ፣ የለችም። ድና ይሆን ሞታ? አንቺን መጠየቅ ምስጢር መጎርጎር ነው። ድና ከሆነ ተመስገን፣ ሞታ ከሆነ ማራት እላለሁ። ሁለቱንም።»

«ድነው ነው፣ እትዬ። ሁሉም ድነው ነው» አለች ሲስተር። እያለቀሰች አካውንቱን ከስልኩ ላይ አወጣች።

ማታ ባሏ «ማንም አልተጎዳ፣ ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ? ዝም በይ» አላት። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግን አክስቷ አፋቸውን የዘጉት ለሰው ብለው ነው፤ እሷ ለራሷ ብላ ብትዘጋ ምን ልትባል ነው?

በቀጠሮው ቀን ፋሻውን ከመንካቷ በፊት ፎቶዎቿን ሌላ ሴትም እንዳየቻቸው ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ላይ ቁጭ አለች። ቀለሟ ተለወጠ።

«ቃል የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ ወይስ ግድግዳው?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው።»

«ባሌ ያላየውን! ማን ናት?»

«ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ፎቶዎቹን ልታጠፋ ስልኩን ተቀበለች፤ ግን ሳትነካው መለሰችው። «እሳቸው አይተውኛል። እኔ አላየኋቸውም። ውሰጂኝ» አለች።

ከሥራ በኋላ አብረው ሄዱ። በሩን የከፈቱት አክስቷ ናቸው። እንግዳዋን እንደ ማንኛዋም እንግዳ «ግቢ፣ ግቢ» አሏት። ፊቷን እያዩ አላወቋትም፤ እንዴት ያውቋታል?

«ከአንገቴ በታች ቢያዩኝ ያውቁኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አሮጊቷ የበሩን መቃን ያዙ። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚረሳውን አደረጉ፤ ዓይናቸውን ወደ ደረቷ ዝቅ አላደረጉም። ፊቷን ብቻ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ፊትሽ እንዲህ ነበር?» አሉ። «ሁልጊዜ ምን ትመስል ይሆን እላለሁ እኮ። እንዲህ ነበርሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች።

«ምን አዩ?» አለች። «እኔ አይቼው አላውቅም። ይንገሩኝ።»

«አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ያስፈራ ነበር። ሦስተኛው ላይ በግራ በኩል የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ አዲስ ቆዳ መጣች። እሷን ሳይ እልል አልኩ፣ በሆዴ። አምስተኛው ላይ ግን ታች በኩል መልሶ አዠ። ያን ሳምንት እንቅልፍም አልነበረኝ።»

«ያን ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ።

«አውቄ ነበር! ስምንተኛው ላይ ሁለቱ ዳር ሊነካካ አንዲት ጣት ቀረው። ከዚያ ወዲህ አላየሁም።» አሮጊቷ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ተነካኩ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሲስተር ዞረች። ሲስተር ልትመልስ አፏን ከፍታ ተወችው፤ የእሷ መልስ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ቀሚሷ የላይኛው ቁልፍ ሰደደች። አሮጊቷ ያን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«አይዙሩብኝ።»

«ልየው?» አሉ አክስቷ፤ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሳይጠይቁ ያዩትን።

«ይዩት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቁልፉን እየፈታች። «እኔም አብሬዎት ልየው።»