ሰሊጥ የጠጣችው ጂፕ

ባለፈው እሑድ ልጃችንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከገለጉ ከተማ መጡ። በእኛ ጊዜ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር ብቅ አይልም ነበር፤ የዘንድሮው ግን ሹፌር ነኝ ብሎ የአጎቱን አዲስ መኪና እየነዳ መጣ። እንግዶቹን ጥላ ሥር ካስቀመጥኩ በኋላ ወደ መኪናዋ ሄጄ ኮፈኗን እንዲከፍትልኝ አዘዝኩት። የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩና አሸተትኩት። ልጁ ደነገጠ፣ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ባለቤቴ ጠጂቱ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ያስታውቅባታል።

ነገሩ ከአማቼ ከአባ ዳኜው የመጣ ነው። እኔ ያኔ ኮኪት ላይ የትራክተር ሹፌር ነበርኩ፤ እሳቸው ሽንፋ ውስጥ የታወቁ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። የጠጂቱን ታላቅ እኅት ሲድሩ ሙሽራው በትራክተር ተጎታች ጭኖ ወሰዳት። ነጭ ለብሳ ሄዳ ጥቁር ሆና ደረሰች፤ የቆላን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባ ዳኜው ይህን በሰሙ ጊዜ ማሉ። እኔ ሽማግሌ ስልክም መልሳቸው ያው ነበር። "ልጄን እንደ ሰሊጥ ጆንያ በተጎታች የሚጭን የለም። በመኪና ከመጣ ይወስዳታል፤ ያለዚያ ከደጄ ይመለሳል።" በዚያን ጊዜ በጥር መኪና ማግኘት ቀልድ አይደለም፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ ላይ ነው፤ ሌላ መኪና ያለው ሰውም ለትራክተር ሹፌር አያውስም።

ጂፗን ያገኘኋት መተማ ላይ፣ በተወረሱ ዕቃዎች ጨረታ ነው። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ለስኳርና ለጎማ ነበር የመጣው፤ እሷን ዞር ብሎ ያያት የለም። አንዱ ከጣልያን የቀረች ናት ይላል፣ ሌላው የለም፣ እንግሊዝ ነው ጥሏት የሄደው ይላል። ቀለሟን ፀሐይ ልጦታል፣ በወለሏ ቀዳዳ የኒም ችግኝ በቅሏል፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ የዘበኛው ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ተጫራቹ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያም ሆኖ አጫራቹ እንደ ደንቡ ጮኾ ሲያበቃ ዘበኛው እጁን አወጣ። ሊፎካከረኝ መሰለኝ። ለካስ ዶሮዋ ጨረታው ውስጥ የለችም ሊል ኖሯል። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ንብረቴን ሳላነሣ ቆየሁ። ምን ላድርግ? እናት ናት።

በትራክተር ጎትቼ ኮኪት ካደረስኳት በኋላ ከድንበሩ ማዶ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ መካኒክ አስመጣሁ። ዑስማን አንድ ጊዜ ዞራትና "አላህ ይርሐምሃ" አላት። ለሞተ ሰው የሚባል ነው። ቢሆንም ሻዩን ጠጥቶ፣ ፉሉን በልቶ ሥራ ጀመረ። ከካርቡሬተሯ ውስጥ የተርብ ቤት አወጣ፤ ካንዴላዋን በአሸዋ አሸት አሸት አድርጎ እንደ አዲስ መለሰው። ሞተሯ ተነሥቶ መጀመሪያ የሳለ ዕለት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጠፋ። እኔ ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት እኔ ጠጉሬን ልስተካከል ሄጄ ሳለ ዑስማን ሥራውን ጨረሰ። የሚሄድበት መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሎ ስለነበር ለእናቴ መልእክት ሰጣት። የሚሞላበትን ክዳን አሳያትና "ዜት ሙሊባት፣ ኸላስ፣ ትሄዳለች" አላት። እኔ የሞተሩን ዘይት በጀሪካን ገዝቼ በር ላይ አስቀምጬ ነበር። ለእናቴ ግን ከሱዳን ገበያ በለመደችው ዐረብኛ ዜት ማለት የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሌላ ዜት አታውቅም። ከማሳችን ሰሊጥ አስጨምቃ ለዐቢይ ጾም ያስቀመጠችውን ንጹሕ ዘይት አውጥታ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ሞላችባት። ለልጇ ሰርግ ነዋ።

የሙሽራ ልብሴን ለብሼ፣ ሚዜዎቼን ጭኜ ተነሣሁ። የኮኪትን ማሳ ሳናልፍ ጂፗ መሽተት ጀመረች። መጥፎ ሽታ ቢሆን ባልደነገጥኩ፤ የተቆላ ሰሊጥ ነው የምትሸተው። ማሽላ የሚያጭዱት የጎጃም ልጆች ማጭዳቸውን እየጣሉ ድግሱ የት ነው እያሉ ይከተሉናል። ወርጄ የዘይት መለኪያዋን መዝዤ ሳሸት ሁሉም ገባኝ። ልመለስ ብል ሙሽራ ዘግይቶ ደረሰ ይባላል፤ ልሂድ ብል ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል። በልቤ ማርያምን እየጠራሁ ነዳኋት።

ሽንፋ ደረስን። የአባ ዳኜውን አጥር እንዳለፍን ጂፗ "ቋ" ብላ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሯ አልዞረም። ጭሷ ዳሱን ሞላው። እድምተኛው ይስቃል፣ እኔ ላብ ያሰጥመኛል፣ አባ ዳኜው ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"ሰሊጥ ነው፣ አባ። እናቴ ናት የሞላችው። ለጾሟ ያስቀመጠችው ነበር።"

የሰሊጡ መቃጠል ያናድዳቸዋል ብዬ ልጅቷን ተሰናብቻት ነበር፤ በሆዴ። እሳቸው ግን ኮፈኗን አስከፈቱና መለኪያውን መዘዙ። በጣታቸው አሹት፣ ኋላም ቀመሱት።

"ለብረት የጾሟን ዘይት የሰጠች ሴት ለልጄ ምን ልትሰስት ነው?" አሉ። "ውሰዳት።"

እንዴት እንውሰዳት? ጂፗ ሞታለች። አባ ዳኜው መሐላቸውን አያፈርሱም፤ የራሳቸውን ትራክተር አስነሥተው ጂፗን በገመድ አስጎተቱልን። ጠጂቱ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እኔ የሞተች መኪና መሪ ይዤ፣ የትራክተሩን አቧራ እስከ ኮኪት ድረስ ጠጣነው። ከእኅቷ ብሳ ጠቁራ ደረሰች። በመኪና ነው የመጣሁት ትላለች እስከ ዛሬ፤ ማን ይከራከራታል?

እናቴ ያን ጾም ወጧን ያለ ዘይት በላች። አንድም ቀን አላነሣችውም። ዛሬ እሷ የለችም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል፣ ሳልጨርስ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ጂፗ አሁንም ጓሮ አለች፤ ዶሮዎቻችን ይታቀፉባታል።

ወደ እሑድ ልመለስ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ "ችግር አለው፣ አባባ?" አለኝ። ዘይቱ ደኅና ነው፣ የሱቅ ነው አልኩትና ኮፈኑን ዘጋሁ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ቀስረው መልስ ይጠብቃሉ። ጠጂቱም ከጓዳ ወጥታ ልጁን እንዳላስጨንቀው በዓይኗ ትቆጣኛለች።

"መኪናዋ መልካም ናት" አልኩት። "መልሱን ግን ሌላ ቀን እሰጥሃለሁ። ስትመጣ እናትህን ይዘህልኝ ና።"