ሁለቱ አዲስ ጎማዎች

ጋራዡ ውስጥ ሜካኒኩን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ፊተኛው» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በክርክር ነው። መኪና ሠሪዎች ትንሽ ሆና የምትከንፍ መኪና ሲሠሩ የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማዎች ብቻ ይስጡ ወይስ ለአራቱም ያካፍሉ የተባለ እንደሆነ፣ ይሄ ሜካኒክ ሽንጡን ገትሮ ለፊቶቹ ይሟገታል። «ፊት ከሳበ ኋላ ይከተላል፣ አለቀ!» ይላል መፍቻውን እያወዛወዘ። «የትንሽ መኪና ውበቷ ትንሽነቷ ነው። አራቱንም ላዙር ስትል ብረት ጫንክባት፣ ነዳጅ አስጠማሃት፣ እኔንም ሆዷ ሥር ሦስት ቀን አስተኛኸኝ። ምን በወጣኝ?»

መልስ የሚሰጠው ከጋራዡ አጥር ጋር ተለጥፎ የሚሠራው ጎሚስታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባላንጣ። ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ስለሆነ የሚያዝነውም ለጎማ ነው። «ሁለቱ ይሳቡ፣ ይታጠፉ፣ ፍሬን ይያዙ፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንግዳ ናቸው? ፎር ዊል ያድርጓት፣ አራቱም ሥራ ይካፈሉ!» ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ይሄው ነው። አንድም ፋብሪካ ምክራቸውን ጠይቆ አያውቅም፤ እነሱ ግን ነገ ጠዋት ስልክ የሚደወልላቸው ነው የሚመስሉት።

የፊተኛው የእህት ልጅ መኪና ልትገዛ ስትነሳ ሁለቱን አቀራርባ አከራከረቻቸው። መሬት ቀያሽ ናት፤ ሥራዋ ከከተማ ውጭ ውሎ መምጣት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት እንኳ ቤተሰቡ «ሚጡ» ማለቱን አልተወም። የሁለቱንም ሰምታ ስታበቃ፣ «ጎሚስታው እውነት ሳይኖረው አይቀርም፤ እኔ ግን ጋሼ ያለኝን ነው የምገዛው» አለችና በፊት ጎማ የምትሳብ፣ ቀይ፣ እንደ እሳት የምትፈጥን ትንሽ መኪና ገዛች። ያን ቀን ፊተኛውን ደስታ የሚያደርገውን አሳጣው። ልጅቷ ደግሞ ስትነዳ! መሪ የያዘች ሳይሆን ከመኪናዋ ጋር የምትጫወት ነው የምትመስለው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመኪናዋ አራቱም ጎማ ጥርሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጎሚስታው በልኳ ያገኘው ሁለት ብቻ ነው። እያንከባለለ አምጥቶ፣ «በል አዲሶቹን ኋላ አስገባቸው። ዝናብ ሲመጣ የሚከዳት ኋላዋ ነው» አለው። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ምሳ ላይ ጎሚስታው በክርክሩ ረትቶት፣ ጋራዡ በሙሉ ስቆበት፣ ሰውየው ውስጡ እርር ብሏል። «ኋላ? የሚስበው ፊት፣ የሚታጠፈው ፊት፣ ፍሬኑን የሚይዘው ፊት! ኋላው ምን ሥራ አለውና ነው አዲስ ጎማ የሚለብሰው?» ብሎ ጮኸ። ሰዎቹ በዚህኛውም ሳቁ፤ አሁን ግን ሳቁ ለእሱ ሆነ። ሳቁ ሞቅ አደረገውና አዲሶቹን ፊት አስገብቶ፣ ያለቁትን ኋላ አስሮ መኪናዋን አስረከበ።

አላወቀም ነበር እንዳትሉኝ። ያውቃል እንጂ! ፊት ቆንጥጦ ይዞ ኋላ ያለቀ ጎማ ካለ፣ ውሃ ላይ ኋላው ቀድሞ እንደሚንሸራተት ለስንቱ ደንበኛ በራሱ አፍ ተናግሯል። ግን ያን ቀን ኋላ ማስገባት ማለት ለጎሚስታው እጅ መስጠት መሰለው። ደረቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ለክርክር ብሎ የገዛ ሥጋውን ያስይዛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሚጡ ልብስ ሰፊ እናቷን ይዛ፣ እናቷ የሰፋቻቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ልታደርስ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። መጋዘኖች ያሉበት ረጅም ኩርባ ላይ የመኪናዋ ኋላ ሸሸ፤ ልጅቷ ደንግጣ ፍሬን ረገጠች፤ መኪናዋ ዞራ ዞራ በእናትየው በኩል ከመጋዘን ግንብ ጋር ተላተመች። ሚጡን አንዲት ጭረት አልነካቻትም። የእናቷ የቀኝ እጅ ግን አንጓው ላይ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ይቺ እናት የፊተኛው ታላቅ እህት ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጋራዥ ሲቀጠር የመጀመሪያ ቱታውን የሰፋችለትም በዚያችው እጇ ነው። አጥንቱ ኋላ ላይ ገጠመ፤ ጣቶቿ ግን መቀስ መጨበጥ እምቢ አሉ።

አደጋው የደረሰ ዕለት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሚጡ ደረቱ ላይ ወድቃ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ፣ እኔ ነኝ! ፈጥኜ ነው መሰለኝ... ፍሬኑን ባልረግጠው ኖሮ...» እያለች ተንሰቀሰቀች። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ተይ እንጂ ሚጡዬ፣ የመኪናዋ ጥፋት ነው። ፎር ዊል ብትሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ» አላት። በማግስቱ ሠራተኛ ሳይገባ ጋራዡን ከፈተ፤ ተጎትታ የመጣችውን ቀይ መኪና በክሪክ አነሳና አዲሶቹን ጎማዎች ኋላ፣ ያለቁትን ፊት አደረጋቸው። እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ግራሶው ለቀቀ፤ እሱ ግን እጁን ማየት ጠላ።

ከዚያ ወዲህ ፊተኛው ሌላ ሰው ሆነ። «ፋብሪካዎቹ ናቸው ጥፋተኞቹ፣ ፈጣን መኪና ከሠሩ ፎር ዊል ያድርጉ እንጂ» ይላል። የሰማው ሁሉ፣ «አይ፣ የእህቱ ነገር አንጀቱን በልቶት ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጥለታል። ከንፈር በተመጠጠለት ቁጥር ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ሚጡ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅላ መሪ መንካት እርም አለች። የመስክ ሥራውን ትታ ቢሮ ገባች። ከሥራ መልስ የእናቷን ጨርቅ እሷ ትቆርጣለች፤ እትዬ በኖራ ታሰምራለች፣ ልጅቷ ትቆርጣለች፤ ስታጣምም አንገቷን ትደፋለች። የእናቷን ዓይን ቀና ብላ ማየት ካቆመች ስድስት ወር ሆኗታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አንድ ደንበኛ መጥቶ የትኛውን ልግዛ አለ። «ፎር ዊል ግዛ» አለው ፊተኛው ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። ጎሚስታው ማንኪያውን አስቀመጠ። ክንዱን ይዞ ከጎማው ክምር ጀርባ ወሰደው።

«በእኔ ወገን ሆነህ አትዋሽ!» አለው። «ሃያ ሁለት ዓመት ስትከራከረኝ ፈርቼህ አላውቅም። የተስማማኸኝ ቀን ግን ደነገጥኩ።»

«ምን እያልክ ነው?»

«ምን እንደምል ታውቃለህ። ያለቀ ጎማ ኋላ ታስሮ ፎር ዊል ብትሆንስ ምን ልታደርግ ኖሯል? መኪናዋ ምን አጠፋች? በፊት መሳቧ ምንም አልነበረበትም፣ ደህና መኪና ናት!» ይሄ ቃል ከገዛ አፉ ሲወጣ ጎሚስታው ራሱ ክው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያም ጥፋቴ ነው። ትናንት ያለወቅቱ በጣለው ዝናብ ልጅቷን በእግሯ ስትሄድ አየኋት። መኪና ባለፈ ቁጥር ደንግጣ ወደ አጥር ጥግ ትሸሻለች። ኧረ በሞቴ፣ ለሷ እንኳ እዘንላት!»

ፊተኛው ምሳውን አልጨረሰም። በቱታው እንደሆነ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ቅዳሜ ነበር። እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ ትቆርጣለች። ጓሮው ውስጥ ታድሳ የመጣችው መኪና ሸራ ለብሳ ትታያለች።

«ሚጡ፣ አንቺ አይደለሽም» አለ ገና በሩ ላይ። «እኔ ነኝ። ያለቁትን ጎማዎች ኋላ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ኋላ አስገባቸው፣ አዲሶቹን፣ ተብዬ ነበር። እልህ ያዘኝ። የትኛውም ሹፌር ቢይዛት ያቺ ኩርባ ላይ ትዞር ነበር። እጅሽ ምንም አላጠፋም።»

መቀሱ ቆመ። ሚጡ መጀመሪያ የገባትም አልመሰለ። ቀስ ብላ ቀና አለችና በጓሮው በኩል ወደ ሸራው አየች።

«አሁን አዲሶቹ የት ናቸው?»

«ኋላ።»

«መቼ አዛወርካቸው?»

ዛሬ ጠዋት ማለት ይችል ነበር። ትናንት ማለትም ይችል ነበር። እንዲያው ለአንድ አፍታ አስቦታል፣ ምን ይደበቃል!

«በማግስቱ» አለ።

«በማግስቱ...» አለች ሚጡ። «በማግስቱ ታውቅ ነበር። እኔ ስድስት ወር እናቴን እጇን የቀማኋት እኔ ነኝ እያልኩ ስተኛና ስነሳ፣ አንተ ታውቅ ነበር።» አልጮኸችም። ቢጮህበት፣ ቢሰደብ ምን ነበረበት! መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ወደ እናቷ ዞረች፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ረጅም ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ልጅቷ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች። በአጠገቡ ስታልፍ ጋሼ አላለችውም።

ሸራው ሲገፈፍ ተሰማ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። መኪናዋ በዝግታ ከግቢው ወጣች፤ ድምፁም ራቀ።

«እትዬ...» አለ።

«መቀሱን አንሳ» አለችው። «ሰኞ ማድረስ አለብኝ። ኖራው ላይ ነው የምትሄደው።»

ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲፈታ የኖረ እጅ መቀሱን አነሳ። ገና ከመጀመሩ ከመስመሩ ወጣ። እትዬ የማይጨብጠውን እጇን እጁ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መስመሩ መለሰችው። «ቀስ» አለችው። እንባው ሰማያዊው ጨርቅ ላይ እየወደቀ እስከ መስመሩ መጨረሻ ቆረጠ።