የመዳብ አዮዳይድና የሽማግሌው ሎሚ

የእስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ ማንም ጠጋ ብሎ ቦታ አልሰጠኝም። የያዙኝ ቴፒ፣ ከማስተምርበት ቤተ ሙከራ ነው፤ ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ሚዛን ከተማ አመጡኝ። ጥጉን የያዙ አንድ የሸኮ ሽማግሌ፣ ቡና ገበሬ ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ይሄ እስረኛ አይደለም፤ ጆሮ ጠቢ ነው" አሉ።

እኔም አላመንኳቸውም። እዚያ ብዙ የሚያወራም ያስፈራል፣ ዝም የሚልም ያስፈራል።

ያን ሰሞን ቴፒ ሰላም አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ አፌን አልያዝኩም። ሰው ጠቁሞብኝ ፖሊስ ሲገባ፣ ተማሪዎቼ የመዳብ አዮዳይድ እየሠሩ ነበር። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ላይ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመር ወዲያው ጭቃ ይመስላል። ከሥር የሚዘቅጠው ዱቄት ነጭ ነው፤ ቡናማ አድርጎ የሚሸፍነው አዮዲን ነው፣ ያው ቁስል ላይ የምንቀባው። ምን ዋጋ አለው፣ እነሱ ያዩት ጭቃውን ነው።

መርማሪው "ፈንጂ" ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። ወረቀቱ የንብረት ክፍላችን ሠራተኛ እያወቀች ኬሚካሉን እንደሰጠችኝ ይላል። ሴትዮዋ የምታጠባ ልጅ አላት። ከፈረምኩ በማግስቱ እሷም ትታሰራለች።

"ፊትዎ ልሥራውና ይዩት" አልኩ።

"ነገ ጠዋት ትሠራዋለህ" አለኝ። ግን የያዙት የሰልፌቱንና የአዮዳይዱን ጠርሙሶች ብቻ ነው፤ ቡናማውን የሚያጠራው ኬሚካል እዚያው ቤተ ሙከራ ቀርቷል። አዮዲንን ሎሚም እንደሚያጠፋው ትዝ ያለኝ ክፍሉ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሎሚ ያላቸው ደግሞ ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው ለሳላቸው ታመጣላቸዋለች። ለመለመን ኮራሁ። ኋላ ግን ቀረብ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ሴትዮዋ ዘመድህ ናት?"

"አይደለችም አባባ። እንዲያውም ሁልጊዜ የምትጨቀጭቀኝ ናት።"

ሎሚዋን ከጉያቸው አወጡ። "አምኜህ እንዳይመስልህ። ለሕፃኑ ብዬ ነው።"

በማግስቱ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ከሁለቱም ቁንጥር ቁንጥር ውሃ ውስጥ አሟምቼ በአንድ ብልቃጥ ቀላቀልኩ። ጭቃው ሲወጣ ሁለቱ ፖሊሶች ወደ በሩ አፈገፈጉ። ሎሚዋን ጨመቅኩበት። ቡናማው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ከሥር ነጩ ዱቄት ቀረ። እፎይ አልኩ።

"አሃ!" አለ መርማሪው። "ማስረጃ ማጥፋትም ታውቅበታለህ ማለት ነው!"

ወይ ጉድ! እንድፈርም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገልኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ባዶው ጀርባ ላይ "የመዳብ አዮዳይድ፤ ነጭ፤ በሎሚ የጠራ" ብዬ ጻፍኩና ብልቃጡን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ለተማሪዎቼ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ እላለሁ።

"ሌላ የምጽፈው የለኝም" አልኩ።

ከዚያ የሆነውን ልተወው። ክፍሉ ስመለስ አነካከሴን ያዩት ሽማግሌ "ፈረምህ?" አሉኝ።

"አልፈረምኩም።"

"ነጣ?"

"ነጣ፣ አባባ።"

ምንጣፋቸውን ሳቡና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ስፈታ እሳቸው እዚያው ነበሩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁንም አስተምራለሁ። በር ሲንኳኳ ቀድሜ የማየው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ብልቃጥ ነው። የንብረት ክፍሏ ሴትም እንዳለች ናት፤ ያን ወረቀት አታውቀውም፣ ልጇም ትምህርት ቤት ገብቷል። ትናንት አንዲት ጠርሙስ ልወስድ ብል እጄን ያዘችኝ።

"ሳትፈርም ወዴት ነው?" አለች ተቆጥታ።

ፈረምኩላት።